የለኪው ጉልበት

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሚስቱ ሻይ ይዛ ከፎቅ ወደ ብስክሌት ሱቁ ስትወርድ ለኪውን በጀርባው ተዘርግቶ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከትልቁ የብረት መቆንጠጫ፣ ከሞርሳው ሥር ነበር፤ ዓይኖቹ ጣሪያውን ያያሉ። ብርጭቆው ከእጇ መቼ እንደወደቀ አታስታውስም። የምታስታውሰው ግንባሩን ስትነካው መቀዝቀዙን ብቻ ነው።

«ለኪው» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ቁመትና ክንድ ሲለካ፣ ኮርቻ ሲያነሳና ሲያወርድ፣ መሪ ሲያቀርብና ሲያርቅ ስለኖረ፣ ከሚስቱ በቀር በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ወገቡ የሚቆረጥም፣ መዳፉ የሚደነዝዝ፣ ጉልበቱ የሚያቃጥል ብስክሌተኛ ሁሉ መድረሻው እሱ ነበር። እሱም ገና ሰላምታ ሳይጨርስ «አንተ ደህና ነህ፤ ጥፋቱ የብስክሌቱ ነው» ይላል። ሰዉ ግማሹ ሕመሙ እዚያው ይለቀዋል።

በክፍሉ መሐል ጎማ የሌለው፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ብስክሌት ቆሟል። መለኪያው ይህ ነው። ኮርቻውም መሪውም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ በየብረቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ብስክሌተኛው እዚያ ላይ ወጥቶ ፔዳል ሲያዞር ለኪው ጎኑ ቆሞ ያየዋል። ለሰውየው የሚስማማው ቁጥር ሲገኝ የራሱ ብስክሌት በዚያው ይስተካከልለታል።

ከሬሳው እስከዚህ መለኪያ ብስክሌት አንድ እርምጃ ተኩል ነው። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ነገሩን ለመጨረስ አልተቸገረም።

«እዚያ ላይ ወጥቶ ሲሞክር ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ ሞርሳው ማጅራቱን መታው» አለ። «አደጋ ነው። እርስዎ ይፈርሙና ይነሳ።»

መርማሪዋ ወዲያው አልፈረመችም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌዋ» ይሏታል፤ በስፌቱ መካከል የተዘለለውን ታገኛለች ለማለት ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም።

ጎንበስ ብላ ኮርቻው የቆመበትን ቁጥር አነበበች፤ ሰባ ነጥብ አራት። ጻፈችው። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ የሟቹን እግር ረዘም ላለ ጊዜ አየች።

«ጫማውን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም። ሚስቱም ግንባሩን ብቻ ነው የነካችው።»

«ፎቶ አንሳልኝ። ሁለቱንም እግር፣ ማሰሪያው በደንብ ይታይ።»

ሳጅኑ ትከሻውን ሰብቆ አነሳ። የግራው ጫማ ማሰሪያ ላላ ብሎ ታስሮ ጫፎቹ ይንዘላዘላሉ። የቀኙ ጠበቅ ያለ ነው፤ ጫፎቹ ከራሱ ከማሰሪያው ሥር ተወትፈዋል። መደርደሪያው ላይ የቅባት ጣት አሻራ የሞላበት ወፍራም ደብተር ነበር። መርማሪዋ አገላበጠችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሚስቱን ፎቅ ላይ አገኘቻት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሉ በጨርቅ ቁራጭ ተሞልቷል፤ የስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ መጋረጃ ተንጠልጥሏል።

«ጠዋት ምን ሰሙ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ሁለት ሰዓት አልፎ የበሩ ደወል አንዴ ጮኸ። ደንበኛ ነው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። መኪናው ሲንጫጫ ታች ቤት ቢቃጠልም አልሰማ።»

«ከሰው ጋር ቅያሜ ነበረው?»

«እሱ? ከማን ጋር?» ካለች በኋላ የጨርቅ ቁራጭ ከጉልበቷ አራገፈች። «ትናንት ከአሰልጣኙ ጋር ተጯጯሁ። አሰልጣኙ ‹ፈርምላትና ትሂድ› ይላል። የኔው ‹አልፈርምም፣ እጄን ብትቆርጠው አልፈርምም› ይላል።»

«የሚፈርመው ለማን ነበር?»

«አልጠየቅሁትም። ሲናደድ አይጠየቅም።» በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እህቴ፣ እዚያ ነገር ላይ ወጥቶ ወደቀ ይሉኛል። እሱ እዚያ ላይ አይወጣም።»

«ለምን አይወጣም?»

«አይወጣም አልኩሽ እኮ!» አለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

የሴቶች ብስክሌት ቡድን ማረፊያ ከሱቁ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ታች ብስክሌት፣ ላይ ቢሮ። አሰልጣኙ ሰፊ ደረት ያለው፣ ሰዓት መያዣው ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር።

«በወጣትነታችን አንድ ቡድን ውስጥ ነበርን» አለ። «አብረን ጋለብን፣ አንድ ቁልቁለት ላይ አብረን ወደቅን። እኔ ተነሳሁ።»

«ትናንት ስለምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ወረቀት። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የምርጫ ውድድር አለ። እያንዳንዷ ተወዳዳሪ ብስክሌቷ ለአካሏ እንደሚስማማ ለኪው የፈረመበት ወረቀት ታስገባለች። የአምበሏን አልፈርምም አለ።»

«ምክንያቱስ?»

«ለኪ አይደል? ሁልጊዜ ሁለት ሚሊ ይጎድለዋል።»

«ወረቀቱ አሁን የት ነው?»

አሰልጣኙ መሳቢያውን ስቦ አወጣላት። ከታች ፊርማ አለ።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ። ሰውየው ሞቷል፤ ውድድሩ ግን አልሞተም።»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ አየችው።

ቀጥላ «ትንሿ» የሚሏትን ጠራች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ተጠባባቂ ናት። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፣ አፏ ግን ስል ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«መንገድ ላይ፣ ልምምድ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም። አምበሏ ከቀረች የምገባው ደግሞ እኔ ነኝ። እሱን ሊጠይቁኝ አይደል የመጡት?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነበር፤ አቀለልሽልኝ። ለኪውን እንዴት ታውቂዋለሽ?»

«ጋሼን? ሁላችንም እንደ አባት ነው የምናየው። ባለፈው ወር ‹አንቺ ገና ጤነኛ ነሽ፤ ሲያምሽ ዝም እንዳትዪ› አለኝ። ምን እንዳየ አላውቅም። ሰው የራሱን አካል ሳያውቀው እሱ ያውቀዋል።»

አምበሏ መጨረሻ ገባች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጉንጩ የሰረጎደ ፊት አላት። መርማሪዋ ወንበር አሳየቻት።

«ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

«ደክሞሽ የለ?»

«መቀመጥ ነው የሚያደክመኝ።»

«ጋሼን መጨረሻ መቼ አየሽው?»

«ሰኞ። ዛሬ ጠዋት ዳገቱን ስዞር ነበር፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።» ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። «ኮርቻ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላ ምን ልበልዎት?»

«ወረቀትሽን አልፈርምም ብሎ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ይፈርም ነበር። ጋሼ እንዲህ ነው፤ ያስጨንቅሽና መጨረሻ ላይ ይፈርማል።»

ስትወጣ መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። አምበሏ ደረጃውን የወረደችው ብረቱን ይዛ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን እያስከተለች ነው።

ማምሻው ላይ ሐኪሙ ደወለ።

«የሞተው በጭንቅላቱ ምት ነው» አለ። «ግን ወዲያው አልሞተም። ደሙ ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብሎ ነው የፈሰሰው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቷል።»

«ግማሽ ሰዓት? እርግጠኛ ነህ?»

«ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ ከሃያ ደቂቃም አያንስም። ሌላው ደግሞ ቀኝ ጉልበቱ ነው። የዱሮ ስብራት፣ አጥንቱ ጠምሞ ገጥሟል። ከዘጠና ዲግሪ በላይ አይታጠፍም።»

«ያነክስ ነበር?»

«ለመራመድ ዘጠና ከበቂ በላይ ነው። እንደ ሌላው ሰው ይሄድ ነበር። ቁጢጥ ማለትም፣ ድንገት ሚዛኑን ሲስት እግሩን ፈጥኖ መሰብሰብም ግን አይችልም።»

መርማሪዋ ሰባ ነጥብ አራት ብላ የጻፈችበትን ገጽ ገለጠች። ከዚያ፣ «እባክህ አንድ ነገር ለካልኝ፤ ከብሽሽቱ እስከ ባዶ ተረከዙ ስንት ነው?» አለችው።

በማግስቱ መጋዘኑ ከመከፈቱ በፊት ከሟቹ ሚስት የተዋሰችውን ጥቁር ክር ይዛ ሄደች። የቡድኑን ብስክሌቶች አንድ በአንድ ከፊቷ አቁማ፣ ክሩን ከኮርቻው ኋላ መሐል እስከ መሪው መሐል ወጥራ አየች። ዘበኛው እብድ ናት ብሎ ነበር። ስትጨርስ ፊቷ የደስታ ፊት አልነበረም።

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራቱን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስቱ በጥቁር ልብስ፣ አሰልጣኙ ክንዱን አጣምሮ፣ ትንሿ መደርደሪያውን ተደግፋ፣ አምበሏ እንደልማዷ ቆማ። ሳጅኑ በሩ ላይ ነበር። ወለሉ ታጥቧል፤ መለኪያው ብስክሌት እንዳለ ነው።

«አላስቆያችሁም» አለች መርማሪዋ። «ሐሙስ ዕለት ለኪው ከዚህ ብስክሌት ላይ ወደቀ ተባለ። ኮርቻው የቆመው በእሱ ቁመት ልክ ነው፣ መሪውም እንደዚሁ። የሚያይ ሰው ሁሉ ራሱ አስተካክሎ ወጣ ይላል። ነገር ግን ሊወጣ አይችልም ነበር።»

«እንዴት?» አለች ትንሿ።

«ቀኝ ጉልበቱ ከዘጠና ዲግሪ በላይ አይታጠፍም። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበት ቢያንስ መቶ አሥር መታጠፍ አለበት። አንድ ዙር እንኳ ማዞር አይችልም። ካልወጣ ደግሞ ከዚያ ላይ አልወደቀም።»

ትንሿ አፏን ያዘች። «ጋሼ? ጉልበቱ? አናውቅም እኮ!»

«አታውቁም። የሁላችሁን ጉልበት ሲያይ የኖረውን ሰው ጉልበት ያየለት የለም። ሚስቱ ያውቃሉ። አብሮት የወደቀው አሰልጣኝም ያውቃል። ስለዚህ ብስክሌቱን በእሱ ልክ ያስተካከለው ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ አይደለም። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይመርጥም።»

ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «እርስዎ ግን ‹ከብስክሌት ወደቀ› ሲባል ሰምተዋል። ውሸት መሆኑን ወዲያው ያወቁት እርስዎ ነበሩ።»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። «ውድድሩ ደርሷል። ፖሊስ ልጆቹን ቢያስጨንቅብኝ…»

«አዎ፤ ፈርመውም ነበር።»

መርማሪዋ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጫማው። የግራው ማሰሪያ ጫፉ ይንዘላዘላል። የቀኙ ተወትፏል። ሰው ሁለት እግሩን በሁለት ዓይነት አያስርም። ጫፉን የሚወትፈው ሰንሰለት እንዳይበላበት የሚጠነቀቅ ብስክሌተኛ ነው። እንግዲህ አንድ ብስክሌተኛ የቀኝ ጫማውን አውልቆ መልሶ አስሮለታል። ለምን?»

ትንሿና አምበሏ ሁለቱም የገዛ ጫማቸውን ወደ ታች አዩ፤ የሁለቱም ማሰሪያ ተወትፏል።

«ለመለካት» አለች መርማሪዋ። «እግር የሚለካው በባዶ እግር ነው። የለኪው እግር ርዝመት ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነው። የኮርቻ ከፍታ የምታወጡበት ቀመር አላችሁ አሉ፤ ርዝመቱን በዜሮ ነጥብ ስምንት ስምንት ማባዛት።»

«ሰባ ነጥብ አራት» አለች ትንሿ ቀስ ብላ። ከዚያ ኮርቻው ሥር ያለውን ቁጥር አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ማን አስተማራችሁ?»

«አሰልጣኙ። ጋሼ ቀመር አይወድም። ‹ሰው በሒሳብ አልተሰፋም› ነበር የሚለው።»

«እሱ ቢያስተካክለው ኖሮ በቀመር አያስተካክለውም ነበር። እንግዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት ብስክሌተኛ እዚህ ነበረች። ለኪው ወድቆ ተመታ። እሷ ሜትር አነሳች፣ ጫማውን አወለቀች፣ ለካችው፣ ብሎኖቹን ፈታ አጠበቀች፣ ጫማውን መለሰች። ይህ ሁሉ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሜቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ባይሰሙ ደስ ይለኛል። ፎቅ ቢወጡስ?»

«አልሄድም» አለች ሚስቱ። «ተናገሪ።»

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል።»

ሚስቱ አልጮኸችም። ወደ ጣሪያው ቀና አለች፤ ከዚያ በላይ ያለው የእሷ ክፍል ነው።

«ለምን ነው ብስክሌቱን መንካት ያስፈለጋት?» ቀጠለች መርማሪዋ። «በራሷ ልክ ቆሞ ስለነበር። አሰልጣኙ የቡድኑን ቁጥር ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ ገብቶ ቢያይ ማን ተቀምጣበት እንደነበር በአንድ እይታ ይናገራል። ስለዚህ ቁጥር ያለበትን ሁሉ ለወጠች። ቁጥር የሌለውን አንድ ነገር ግን ተወችው።»

ክሩን አወጣች። አንዱን ጫፍ ለሳጅኑ ሰጥታ ከኮርቻው ኋላ መሐል እስከ መሪው መሐል ወጠረችው። የኮርቻው አፍንጫ፣ የፊት ጫፉ፣ ከክሩ በስተግራ ወጣ ብሎ ታየ፤ ወደ አራት ሚሊ ሜትር።

«ኮርቻው ጠማማ ነው። በዓይን አይለይም፤ ክር ሲዘረጋ ነው የሚታየው። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት ብስክሌቶችም የአንዱ ብቻ ኮርቻ እንዲህ ነው፤ በዚያው ወገን፣ በዚያው ልክ። የሌሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።»

አሰልጣኙ «የማን?» ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ወደ አምበሏ ዞሮ ነበር።

አምበሏ ክሩን ታያለች። «የኔ ኮርቻ ቀጥ ያለ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው።»

«ላንቺ ቀጥ ያለ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ደብተሩንም ገለጠች። «እዚህ ጽፎታል። ‹የግራ ዳሌዋ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ቀጥ ብላ መቀመጥ አትችልም። አፍንጫውን አራት ሚሊ ወደ ግራ መለስኩላት። አልነገርኳትም፤ ካወቀች ስለ ዳሌው ማሰብ ትጀምራለች።› ከሦስት ወር በፊት ነው የጻፈው።»

አምበሏ የመለኪያውን መሪ ያዘች።

«አልነገረኝም» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ እየተመላለስኩ፣ ‹ጋሼ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጋሼ ትንሽ ዝቅ› ስለው እሺ ይላል፣ ያስተካክላል። አንድ ቀን ሳያመኝ ወጣሁ። አንድ ቀን ብቻ። ትክክለኛው ቦታ አለ፣ እናገኘዋለን አልኩ።»

«ሐሙስስ?»

«ቅርብ ነን ብዬ ነው የመጣሁት። ወጣሁበት፣ አዞርኩ። አቁሚ አለኝ። ‹ልጄ፣ ጥፋቱ የብስክሌቱ አይደለም› አለኝ። ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም። ‹ኮርቻውን የትም ባደርገው አጥንትሽ አይመለስም። ተይው፤ ካልተውሽ መራመድም ይቀርብሻል› አለ። ውረጂ አለኝ። ወረድኩ። ‹ፈርምልኝና የመጨረሻዬ ይሁን› አልኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት።» ሁለት እጇን አየች። «ሰው ሲገፋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል አይደል? ይቆማል ብዬ ነው። እግሩ አልታጠፈለትም። እንደ እንጨት ወደቀ።»

«የሞተ መስሎሽ ነበር?» አለቻት መርማሪዋ። ይህን ስትጠይቅ አዎ እንድትላት የፈለገች ትመስል ነበር።

አምበሏ ከሞርሳው ሥር የታጠበውን ወለል አየች።

«አይደለም» አለች።

ሚስቱ ከወንበሯ ተነሳች። ሳጅኑ ሊይዛት ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው። ሴትዮዋ አምበሏ ፊት ቆመች።

«ምን አለ?»

«እትዬ፣ ይተዉኝ…»

«ምን አለ ልጄ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምን አለ?»

«‹ቀዘቀዘኝ› አለ።»

«አንቺስ?»

«እግሩን እየለካሁ ነበር።»

ሚስቱ እጇን አነሳች። ሁሉም ትመታታለች ብለው ነበር። እጇ አየር ላይ ቆየና ወረደ፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከእንግዲህ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም።

አምበሏ ተፈረደባት። የእስር ቤቱ ሐኪም ዳሌዋን በራጅ አይቶ ለኪው በዓይኑ ብቻ ያየውን አገኘ፤ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። አሰልጣኙን ለመክሰስ መርማሪዋ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። «ዝም ማለቱ ያስቀይማል እንጂ ለክስ የሚበቃ ነገር የለሽም፤ ወረቀቱንም በራሱ ስም ነው የፈረመው» ተባለች።

ፍርዱ ከመድረሱ በፊት፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ውድድሩ ተካሄደ። የመርማሪዋ የዕረፍት ቀን ነበር፤ እሷም ሄደች። ዳገቱ ሥር፣ ከሕዝቡ ራቅ ብላ የቆመች ጥቁር የለበሰች ሴት አየች። የለኪው ሚስት ናት። አጠገቧ ሄዳ ቆመች፤ ሰላምታ ተለዋወጡ።

ብስክሌተኞቹ እየተንጋጉ መጡ። ትንሿ መሐላቸው ናት፤ የአምበሏን ብስክሌት ሰጥተዋታል።

«ከፍ ብሎባታል» አለች ሚስቱ።

«ምኑ?»

«ኮርቻው። ዳሌዋን እዪው፤ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። እግሯ ታች አልደርስ ሲላት ዳሌዋን አብራ ታወርዳለች። ባሌ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሲያይ ይቆምና ‹ይቺ ከሦስት ዓመት በኋላ ታለቅሳለች› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ አየች። እውነትም ይወዛወዛል፤ አንዴ ካዩት ሌላ ነገር አይታይም።

«ለአሰልጣኙ ልንገረው?»

«ጠዋት መነሻው ላይ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ትለምደዋለች› አለኝ።»

በሁለተኛው ዙር ትንሿ ከፊት ካሉት ሦስቱ አንዷ ሆና መጣች። ጥርሷን ነክሳለች፤ ሰዉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጨበጨበ ስሟን ይጠራል። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዳገቱን ጨርሳ ከዓይናቸው እስክትሰወር ድረስ ወገቧን ብቻ ተከተሉ።